የጋራ ማከማቻ ያለው፣ የማይቋረጥና ሊያድግ የሚችል የኢሜይል ሰርቨር እንዴት ይታቀድ?

የሌሊት ተረኛ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ወደ 4000 የሚጠጉ የኢሜይል ተጠቃሚዎች አሉት፤ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ቁጥራቸው 12000 እንደሚደርስ ተነግሮኛል። እስካሁን ሁሉንም የሚያገለግለው አንድ ሰርቨር ነው። ፖስትፊክስ መልእክት ይቀበላል፣ ይልካል፤ ዶቭኮት ደግሞ ሳጥኖቹን ለተጠቃሚዎች ያቀርባል፤ መልእክቶቹም በዚያው ሰርቨር ዲስኮች ላይ ይቀመጣሉ። ባለፈው ወር የዲስኮቹ መቆጣጠሪያ ካርድ ተበላሽቶ ኢሜይሉ አንድ ቀን ተኩል ተቋርጦ ነበር። ዲስኮቹ ደህና ስለነበሩ የጠፋ መልእክት የለም፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ካርድ ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ማንም ሳጥኑን መክፈት አልቻለም። ስልክ ሳነሳ ውዬ ሳነሳ አመሸሁ። ያ ቀን እንዳይደገም ነው ይህን የምጽፈው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ሰርቨሮችን እተክላለሁ፤ በሁለቱም ላይ ፖስትፊክስና ዶቭኮት ይሠራሉ። ሁለቱም በኤንኤፍኤስ (ፋይሎችን በኔትወርክ በሚያጋራ ፕሮቶኮል) አማካይነት አንድ የጋራ ማከማቻ ማውንት ያደርጋሉ (እንደ ራሳቸው ዲስክ ይከፍቱታል)፤ ሳጥኖቹም በሙሉ በሜይልዲር አሠራር (እያንዳንዱ መልእክት ለብቻው ፋይል ሆኖ) እዚያ ይቀመጣሉ። ከፊታቸው ሎድ ባላንሰር ቆሞ የሚመጣውን ግንኙነት በየተራ ያከፋፍላል። አንዱ ሰርቨር ቢወድቅ ሌላው ይቀጥላል፤ ተጠቃሚ ሲበዛ ደግሞ ሦስተኛና አራተኛ ሰርቨር እጨምራለሁ። የፖስትፊክስን ወረፋም (ገና ያልተላኩ መልእክቶች የሚጠብቁበትን ቦታ) በዚያው በጋራ ማከማቻው ላይ ባደርገው፣ አንዱ ሰርቨር ሲሞት በወረፋ ላይ የቀረውን መልእክት ሌላው ተረክቦ ይልከዋል ብዬ ገምቻለሁ።

ግራ ያጋቡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ኤንኤፍኤስ ለኢሜይል አይሆንም የሚሉ አሉ፤ ለዓመታት ሠርተንበታል የሚሉም አሉ፤ ምክንያቱን አፍታቶ ያስረዳኝ ግን ከሁለቱም ወገን አላገኘሁም። ሁለተኛው፣ ጂኤፍኤስ2ን ወይም ኦሲኤፍኤስ2ን የመሰለ የክላስተር ፋይል ሲስተም (ብዙ ሰርቨሮች አንድን ዲስክ በቀጥታ የሚጋሩበት) ይሻል እንደሆነ ነው። አሁን ያለው ክምችት 6 ቴራባይት ያህል ሲሆን የአንድ መልእክት አማካይ መጠን 80 ኪሎባይት አካባቢ ነው። ዕቅዱን ለኃላፊዎቼ ከማቅረቤ በፊት የት ላይ እንደተሳሳትኩ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ፖስታ አመላላሽ፦

ዕቅድዎ መሠረቱ ደህና ነው፤ የሚሰበረው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ግንኙነቱን በየተራ ማከፋፈልዎ፣ ሁለተኛው ወረፋውን የጋራ ማድረግዎ ነው።

ኤንኤፍኤስ ለኢሜይል አይሆንም የሚለው አባባል የመጣው ከኤምቦክስ ዘመን ነው። በኤምቦክስ የአንድ ሰው መልእክት ሁሉ በአንድ ረጅም ፋይል ውስጥ ተቀጣጥሎ ይቀመጣል፤ አዲሱ ከጫፉ ላይ ይጨመራል፣ ከመሐል አንዱ ሲሰረዝ ደግሞ ፋይሉ እንደገና ይጻፋል። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ እንዳይገቡበት ፋይሉን መቆለፍ ግድ ነው፤ የኤንኤፍኤስ የመቆለፍ አሠራር ደግሞ እስከ 3ኛው ስሪት ድረስ ከዋናው ፕሮቶኮል ውጪ በተለየ አገልግሎት ይካሄድ ስለነበር ብዙ ጊዜ ያሳፍር ነበር። ዳንኤል በርንስታይን በ1990ዎቹ ለኪውሜይል የነደፈው ሜይልዲር ይህን ቁልፍ አስቀረው። እያንዳንዱ ሳጥን ቲኤምፒ፣ ኒው እና ከር የሚባሉ ሦስት ፎልደሮች አሉት። መልእክቱ በመጀመሪያ ቲኤምፒ ውስጥ ይጻፋል፤ የፋይሉ ስም ከሰዓቱ፣ ከፕሮሰሱ ቁጥርና ከሰርቨሩ ስም ስለሚሠራ ሁለት ሰርቨሮች አንድ ዓይነት ስም አያወጡም። ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ ወደ ኒው ይዛወራል፤ ዝውውሩም ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል፣ ወይ ጨርሶ አይፈጸምም። ግማሹ የተጻፈ መልእክት ለተጠቃሚ የሚታይበት ቅጽበት የለም። ሳጥኑ ሲከፈት መልእክቱ ወደ ከር ይሄዳል፤ ሲነበብም በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ኤስ የምትል ፊደል ትጨመርበታለች።

እስከዚህ ድረስ ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ማከማቻ ላይ በሰላም ይኖራሉ። ጣጣው የሚመጣው ዶቭኮት ከመልእክቶቹ ጎን ከሚያስቀምጣቸው ፋይሎች ነው። ዶቭኮት ፎልደሩን በየጊዜው ሙሉ በሙሉ እንዳያነብ የራሱን ኢንዴክስ (የመልእክቶቹን ማውጫ) ይይዛል፤ በተጨማሪም ዩአይዲሊስት የሚባል ፋይል ውስጥ የትኛው መልእክት ስንተኛ ቁጥር እንደተሰጠው ይመዘግባል። የተጠቃሚው ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ይህን መልእክት አውርጄዋለሁ ወይስ አላወረድኩትም የሚለውን የሚያውቀው በዚያ ቁጥር ነው። የሊኑክስ ኤንኤፍኤስ ክላየንት ደግሞ በተለመደው አሠራሩ የፋይልን ሁኔታ ከ3 እስከ 60 ሰከንድ፣ የፎልደርን ሁኔታ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ድረስ በራሱ ማስታወሻ ይዞ ይቆያል። እንግዲህ አንደኛው ሰርቨር ዩአይዲሊስትን ሲቀይር ሁለተኛው የሚያየው ከግማሽ ደቂቃ በፊት የነበረውን ሊሆን ይችላል፤ አሮጌውን አይቶም በላዩ ይጽፋል።

ይህን በመጽሐፍ አላነበብኩትም፤ ደርሶብኛል። እኔም እንደ እርስዎ በየተራ የሚያከፋፍል ሎድ ባላንሰር ተክዬ ነበር። አንዲት ባልደረባችን ስልኳ በአንደኛው፣ የቢሮ ኮምፒውተሯ በሁለተኛው ሰርቨር በኩል ተገናኝተው ነበር። አንድ ማለዳ ከ3000 በላይ መልእክቶቿ ሁሉም ያልተነበቡ ሆነው በስልኳ እንደ አዲስ ሲወርዱ አገኘቻቸው። በሎጉ ውስጥ ኢንዴክሱ ተበላሽቷል የሚል መስመር በየደቂቃው ተደርድሯል። አንድም መልእክት አልጠፋም፤ ሰርቨሩ ግን ለእያንዳንዱ አዲስ ቁጥር ስለሰጠው ስልኳ አዲስ መስሎት ነበር። በዚያ ሳምንት እንዲህ የሆነባቸው ወደ ሰማንያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ከሁሉ በላይ ሊጠብቁት የሚገባው ደንብ ይህ ነው፦ ማከማቻው የጋራ ይሁን፤ የአንድ ተጠቃሚን ሳጥን ግን በአንድ ጊዜ የሚነካው አንድ ሰርቨር ብቻ ይሁን። ቀድሞ ይህን የሚሠራው ዳይሬክተር የሚባለው የዶቭኮት ክፍል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 2.4 ስሪት ግን ከነፃው ዕትም ተወግዷል፤ አዲስ የሚጀምር ሰው በእሱ ላይ ባይመሠረት ይሻላል። አሁን የሚያዋጣው ከፊት ለፊት ቀላል የዶቭኮት ፕሮክሲዎችን አቁሞ ተጠቃሚው ሲገባ የትኛው ሰርቨር የእሱ እንደሆነ ከዳታቤዝ እንዲያነቡ ማድረግ ነው። በተጠቃሚው ረድፍ ላይ የሰርቨሩ ስም ይጻፋል፤ ፕሮክሲው ግንኙነቱን ወደዚያ ያሳልፈዋል። አንድ ሰርቨር ሲወድቅ የእሱ የነበሩትን ረድፎች ወደ ሌላው ይለውጣሉ። ከመለወጥዎ በፊት ግን የወደቀው ሰርቨር በእርግጥ መውደቁን፣ ቢያንስ ከማከማቻው መቆረጡን ያረጋግጡ። ለጊዜው ደንዝዞ የነበረ ሰርቨር ከደቂቃዎች በኋላ ነቅቶ ወደ ሳጥኖቹ ቢመለስ እኔ ላይ የደረሰው እርስዎም ላይ ይደርሳል።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። አዲስ መልእክት ሲገባም ኢንዴክሱ ይነካል። ስለዚህ ፖስትፊክስ በቀጥታ ሜይልዲር ውስጥ እንዲጽፍ አይተዉት፤ በኤልኤምቲፒ (መልእክትን ለሳጥን ማስረከቢያ ፕሮቶኮል) ለፕሮክሲው ያስረክብ፤ ፕሮክሲው ደግሞ ለተጠቃሚው ሰርቨር ያስረክበው። ያኔ አንባቢውም ጸሐፊውም በአንድ በር ይገባሉ። በተጨማሪም በኤንኤፍኤስ ላይ ሲሠሩ ዶቭኮት ፋይሎችን በኤምማፕ (ፋይሉን ከማስታወሻ ጋር በማያያዝ) እንዳይከፍት ይከልክሉት፤ ኤፍሲንክን (የተጻፈው ዲስክ ላይ እንዲደርስ የሚያስገድደውን ትእዛዝ) ሁልጊዜ እንዲጠራ ያድርጉት፤ የሰርቨሮቹ ሰዓትም በኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ በሚያስተካክል ፕሮቶኮል) አንድ ይሁን።

ወረፋውን በሚመለከት አጭር መልስ አለኝ፦ የጋራ አያድርጉት። ፖስትፊክስ በወረፋው ላይ ያለ እያንዳንዱን ፋይል ሲሰይም የፋይሉን የአይኖድ (ፋይል ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚይዘው መዝገብ) ቁጥር ይጠቀማል፤ ወረፋውንም ብቻውን እንደሚያዝበት አድርጎ ነው የሚሠራው። ሁለት ፖስትፊክሶች አንድ ወረፋ ሊጋሩ አይችሉም። ለእያንዳንዱ ሰርቨር በሬይድ 1 (አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ) የተጣመሩ ሁለት ኤስኤስዲዎችን ይስጡትና ወረፋው እዚያ ይሁን። ሰርቨሩ ሲወድቅ በወረፋው ላይ የነበሩት ጥቂት መልእክቶች እሱ እስኪነሳ ወይም ዲስኮቹ ወደ ሌላ ማሽን እስኪዛወሩ ይጠብቃሉ፤ ይህ ከሚያስከትለው መዘግየት ይልቅ የጋራ ወረፋ የሚያስከትለው ምስቅልቅል እጅግ ይከፋል።

ጎተራ፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ማከማቻው ራሱ ነው፤ ምክንያቱም በጥያቄው ውስጥ «አንድ የጋራ ማከማቻ» ተብሎ በሦስት ቃል ታልፏል።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ አበው። እርስዎ ሁለት ባላ ተክለዋል፤ ነገር ግን ሁለቱንም የተከሉት በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ያለፈው ወር አደጋ የደረሰው ሰርቨሩ ደክሞ አይደለም፤ የዲስክ መቆጣጠሪያው ስለተበላሸ ነው። በአዲሱ ዕቅድ ያ መቆጣጠሪያ ወደ ማከማቻው ሣጥን ተዛወረ እንጂ ከመንገድዎ አልተወገደም። እንዲያውም አሁን ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ የሚቆሙበት ቦታ ሆኗል።

ስለዚህ ማከማቻው ሁለት መቆጣጠሪያዎች፣ ሁለት የኃይል ማስገቢያዎች፣ ወደ ሁለት የተለያዩ ስዊቾች የሚሄዱ ሁለት የኔትወርክ መስመሮች ያሉት ይሁን። ይህን የሚሰጥ ዝግጁ ዕቃ ውድ ከሆነ፣ ሁለት ተራ ሰርቨሮችን በዲአርቢዲ አጣምሮ በላያቸው ኤንኤፍኤስ ማስኬድ ይቻላል። ዲአርቢዲ ከሊኑክስ ከርነል 2.6.33 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ያለ ሲሆን በአንደኛው ላይ የተጻፈውን እያንዳንዱን ብሎክ ወደ ሁለተኛው ይገለብጣል። ፕሮቶኮል ሲ በሚባለው አሠራሩ ሁለቱም ዲስኮች ሳይጽፉ «ተጽፏል» ብሎ አይመልስም፤ ለኢሜይል የሚሆነው ይህ ብቻ ነው። አንዱ ዋና፣ ሌላው ተጠባባቂ ይሁን። በመካከላቸው ያለው መስመር ሲቆረጥ ሁለቱም ዋና ነኝ ብለው እንዳይነሱ ሦስተኛ ምስክር ማሽን ያስፈልጋል፤ በተጨማሪም አንዱ የሌላውን ኃይል በርግጠኝነት የሚያጠፋበት መንገድ ሊኖር ይገባል። ይህን ያላደረገ ሰው አንድ ቀን የየራሳቸው አዲስ መልእክት ያለባቸው ሁለት ማከማቻዎች ይዞ ይቀራል፤ እነዚያን ማስታረቅ የሳምንታት ሥራ ነው።

ጂኤፍኤስ2ንና ኦሲኤፍኤስ2ን በተመለከተ፣ ለእርስዎ አልመክርም። ሁለቱም በትክክል ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ሰርቨሮቹ እያንዳንዱን ፋይል ሲነኩ በኔትወርክ ቁልፍ መጠያየቅ አለባቸው፤ ሜይልዲር ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ነው። ከዚያም ከክላስተሩ አንዱ አባል ዝም ሲል፣ እሱ ከጨዋታው እስኪወጣ ድረስ የቀሩት ሁሉ ፋይል ሲስተሙን መንካት ያቆማሉ። የአንዱ ሕመም የሁሉም ይሆናል።

አሁን ቁጥር እንመልከት። 6 ቴራባይት በ80 ኪሎባይት ሲካፈል 75 ሚሊዮን ፋይል ነው። ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፈው ፊት ለፊትዎ ይለጥፉት፤ ከቴራባይቱ ይልቅ የሚያስቸግርዎ እሱ ነው። የኢሜይል ማከማቻ የሚዳከመው ቦታ ጠቦት ሳይሆን በሰከንድ የሚያስተናግደው የማንበብና የመጻፍ ጥያቄ ሲበዛበት ነው። በደቂቃ 7200 ዙር የሚዞር አንድ ዲስክ በዘፈቀደ ከተበታተነ ቦታ የሚያነበው በሰከንድ ከ75 እስከ 100 ጊዜ ያህል ነው። ሬይድ 5 በሚባለው የዲስኮች አደረጃጀት አንድ ትንሽ ጽሑፍ ለመጻፍ አራት የዲስክ ሥራ ያስፈልጋል፤ በሬይድ 10 ሁለት ይበቃል። ከቻሉ በሙሉ ኤስኤስዲ ያድርጉት፤ ካልቻሉ ቢያንስ የዶቭኮትን ኢንዴክስ በኤስኤስዲ ላይ ያኑሩ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ሰርቨር ካለው ኢንዴክሱ በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ሊቀመጥም ይችላል፤ ሰርቨር ሲለወጥ እንደገና ይሠራል፤ የመጀመሪያው መክፈቻ ትንሽ ይዘገያል እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም። ዩአይዲሊስት ግን ከመልእክቶቹ ጋር በጋራ ማከማቻው ላይ ይቆይ።

የአይኖድን ነገር ደግሞ ከራሴ ሕይወት ልንገርዎ። አንድ ወቅት 4 ቴራባይት ያለው ማከማቻ ስረከብ፣ ቀድሞኝ የነበረው ሰው ኤክስት4 በሚባል ፋይል ሲስተም ሲያዘጋጀው ለትላልቅ ፋይሎች የሚሆነውን ምርጫ ተጠቅሞ ነበር፤ ያ ምርጫ ለየ1 ሜጋባይቱ አንድ አይኖድ ብቻ ይመድባል። አንድ ሌሊት መልእክት መግባት አቆመ። ሎጉ በዲስኩ ላይ ቦታ የለም ይላል፤ ዲስኩን ሳየው አንድ አሥረኛው እንኳን አልሞላም። ሁለት ሰዓት ያህል ስደናበር ቆይቼ የአይኖዱን ብዛት ስጠይቅ መቶ በመቶ አልቋል። 4 ሚሊዮን ገደማ ፋይል፣ 4 ሚሊዮን ገደማ አይኖድ። በኤክስት4 ይህ ቁጥር የሚወሰነው ፋይል ሲስተሙ ሲፈጠር ስለሆነ በኋላ ሊቀየር አይችልም፤ ሁሉንም አውጥቶ እንደገና ማዘጋጀት ግድ ሆነብኝ። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ሌላ ፋይል ሲስተም አይኖድን እንዳስፈላጊነቱ ስለሚፈጥር ለሜይልዲር እሱን እመርጣለሁ።

በመጨረሻ ስለ ኤንኤፍኤስ ሁለት ጥብቅ ነገሮች አሉ። በማከማቻው በኩል ሲንክ የሚለውን ይምረጡ፤ ኤሲንክ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ወደ ዲስክ ሳይጽፍ ጽፌያለሁ ይላል። ሰርቨርዎ ለላኪው 250 (ተቀብያለሁ) ብሎ ከመለሰ በኋላ በኤስኤምቲፒ (በኢሜይል መላኪያው ፕሮቶኮል) ደንብ መልእክቱ የእርስዎ ኃላፊነት ነው፤ ላኪው የራሱን ቅጂ ይጥላል። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ መልእክቱ በዓለም ላይ የትም የለም፤ ማንም ስለ መጥፋቱ አያውቅም። በሰርቨሮቹ በኩል ደግሞ ማውንቱ ሃርድ ይሁን። ማከማቻው ለአፍታ ሲጠፋ ፕሮሰሶቹ ይቆማሉ፣ ሲመለስም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሶፍት ከሆነ ግን ስህተት ይመለስላቸዋል፤ በመጻፍ መሐል የነበረ ፋይልም ተቆርጦ ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛ ፎቅ፦

የሁለቱንም ምክር አከብራለሁ፤ እኔ ግን ጥያቄውን ከሥሩ ማንሳት እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ በአንድ ሰርቨር ብቻ የሚስተናገድ ከሆነ፣ ማከማቻው የጋራ የሚሆነው ለምንድን ነው?

12000 ሰው በአራት ቢካፈል ለእያንዳንዱ ቡድን 3000 ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ቡድን በዲአርቢዲ የተጣመሩ ሁለት ሰርቨሮች ይመደቡ፤ ሳጥኖቹ በእነዚያው ዲስኮች ላይ ይቀመጡ፤ ፖስታ አመላላሽ የገለጹት ፕሮክሲ ሁሉንም እንደየቡድኑ ያሳልፋቸው። ኤንኤፍኤስ የለም፣ የካሽ (ያ በማስታወሻ የሚያዝ አሮጌ ሁኔታ) ጣጣ የለም። አንድ ሰርቨር ከነጓደኛው ቢወድቅ እንኳን የሚቸገረው ከአራት ሰው አንዱ ነው። ተጠቃሚ ሲጨምር አምስተኛ ጥንድ ይተክላሉ። ትልቅ የጋራ ማከማቻ ግን ሲሞላ ወይም ሲደክም የሚቀየረው በአንድ ጊዜ ነው፤ ያ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሌሊት ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዶቭኮት ራሱ ሳጥኖችን በሁለት ሰርቨሮች መካከል ይገለብጥበት የነበረው አሠራርም በ2.4 ተወግዷል። በድሮ መመሪያዎች ተመርተው በእሱ ላይ እንዳይገነቡ፤ ግልበጣው ከሥር፣ በብሎክ ደረጃ ይሁን።

የሌሊት ተረኛ፦

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባላው ምሳሌ ዕቅዴን ገልብጬ እንዳየው አድርጎኛል፤ ለኃላፊዎቼ ሳስረዳም የምጠቀመው እሱን ነው።

ሁኔታዬን ትንሽ ላብራራ። ይህን ሁሉ የምንይዘው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዳችን ፈቃድ ስንወጣ አንድ ሰው ይቀራል። ስለዚህ የሚንከባከቡት ነገር ብዛት ያሳስበኛል። ስምንት ሰርቨር በአራት ጥንድ ከማስተዳደር ይልቅ ሁለት መቆጣጠሪያ ያለው አንድ ማከማቻና ከፊቱ ያሉ ሦስት አራት ሰርቨሮች ይቀሉኛል ብዬ አስባለሁ፤ ተሳስቼ ይሆን? በተጨማሪም ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሁሉም ነገር ቢወድቅ መልእክት የሚቀበልልኝ ተጠባባቂ ኤምኤክስ (የገቢ ኢሜይል ተቀባይ ሰርቨር) በሌላ ቦታ ላቁም ወይ? ማከማቻው በየሰዓቱ ስናፕሾት (የዚያን ቅጽበት ሁኔታ ምስል) የሚወስድ ከሆነ ሌላ ባክአፕ ያስፈልገኛል ወይ?

ፖስታ አመላላሽ፦

ስለ ሰው ኃይሉ ያሉት ሚዛን የሚደፋ ምክንያት ነው። የሦስተኛ ፎቅ ሐሳብ በጣም ጤናማ ነው፤ እኔ ራሴ ሰው ቢኖረኝ የምመርጠው እሱን ነው። ለሁለት ሰው ግን አራት ጥንድ ማለት አራት ቦታ ላይ የሚከታተሉት ዲአርቢዲ ማለት ነው፤ ሌሊት ላይ ብቻውን የተቀሰቀሰ ሰው በትክክል የሚሠራው ቀላል የሆነውን ነው። ባለ ሁለት መቆጣጠሪያውን ማከማቻ ይያዙ፤ ነገር ግን ከእሱ ሐሳብ አንዱን ነገር ይውሰዱ። ማከማቻውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአራት ወይም በአምስት የተለያዩ ፋይል ሲስተሞች ከፋፍለው በየራሳቸው ያስወጡት፤ በተጠቃሚው ረድፍ ላይም ከሰርቨሩ ስም ጎን የክፍሉን ስም ይጻፉ። ነገ ሁለተኛ ማከማቻ ሲገዙ አንዱን ክፍል ብቻ ያዛውራሉ። አንዱ ፋይል ሲስተም ተበላሽቶ ጥገና ሲያስፈልገውም 75 ሚሊዮን ፋይል የሚያስስ ፍተሻ ሳይሆን የሩቡን ይጠብቃሉ።

ተጠባባቂ ኤምኤክስ አያስፈልግዎትም፤ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ይበዛል። ላኪ ሰርቨሮች መልእክቱ ካልገባላቸው ደጋግመው ይሞክራሉ፤ ደንቡ ከአራት እስከ አምስት ቀን እንዲታገሡ ይመክራል፤ ፖስትፊክስም ባይነኩት 5 ቀን ይጠብቃል፣ በየ300 እና በየ4000 ሰከንድ መካከል እየሞከረ። በሌላ ቦታ የቆመው ተጠባባቂ የእርስዎን ተጠቃሚዎች ዝርዝር ካልያዘ ለሌለ ሰው የተላከውን ሁሉ ይቀበላል፤ በኋላም አድራሻው የለም እያለ ስማቸው ያለ ፈቃድ ለተጻፈባቸው ንጹሐን ይመልሳል። አይፈለጌ መልእክት ላኪዎችም ጥበቃው ይላላል ብለው ሆን ብለው ወደ ተጠባባቂው ይሄዳሉ። ሁለቱ ፖስትፊክሶችዎ እኩል የቅድሚያ ቁጥር ያላቸው ኤምኤክሶች ሆነው ቢቆሙ ይበቃል።

ጎተራ፦

ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም። የተሰረዘን መልእክት ለመመለስ ግሩም ነው፤ ግን የሚኖረው በዚያው ማከማቻ ላይ ነው። ማከማቻው ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል፤ የማከማቻውን አስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ያገኘ ሰውም ስናፕሾቱን ቀድሞ ይሰርዘዋል። ከስናፕሾቱ ላይ እያነበቡ ወደ ሌላ ሕንፃ፣ በሌላ ይለፍ ቃል ወደሚጠበቅ ማሽን ይገልብጡ።

ከመገልበጡ ይልቅ መመለሱን ያስሉ። 6 ቴራባይት በ1 ጊጋቢት መስመር፣ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ቢሠራ እንኳን ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ትናንሽ ፋይሎች ግን መስመሩን አይሞሉትም። በሰከንድ 1000 ፋይል መጻፍ ቢቻል 75 ሚሊዮኑ ወደ 21 ሰዓት ይወስዳል። ለኃላፊዎችዎ «ባክአፕ አለን» ብለው ሲነግሯቸው እነሱ የሚሰሙት «በአንድ ሰዓት ይመለሳል» የሚል ነው። ቁጥሩን አሁኑኑ ይንገሯቸው። ባዶ ሳጥኖችን መጀመሪያ ከፍቶ አዲስ መልእክት እንዲቀበሉ ማድረግ፣ አሮጌውን ከኋላ ቀስ በቀስ መመለስ የሚባል መንገድ አለ፤ በሰላም ጊዜ ይለማመዱት።

ሦስተኛ ፎቅ፦

ሁሉንም ከመክፈትዎ በፊት አይማፕቴስት በሚባለው የዶቭኮት መሞከሪያ ጥቂት መቶ ሐሰተኛ ተጠቃሚዎችን ያስገቡበት፤ ጭነቱ እንዳለ ገመድ ይንቀሉ። ሰርቨሩን በትእዛዝ መዝጋት ሙከራ አይደለም፤ በትእዛዝ የሚዘጋ ሰርቨር ተሰናብቶ ነው የሚወጣው። የኃይል ገመዱን፣ ከዚያ የኔትወርኩን፣ ከዚያ የማከማቻውን አንድ መቆጣጠሪያ ይንቀሉ። በየአንዳንዱም ላይ አንድ ተጠቃሚ ስንት ሰከንድ እንደጠበቀ ይጻፉ።

የሌሊት ተረኛ፦

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ ዕቃው በከፊል ስለደረሰ ሙከራውን ጀምረናል። ማከማቻው ሁለት መቆጣጠሪያ ያለው ሲሆን በአምስት የኤክስኤፍኤስ ክፍሎች ተከፍሏል፤ ወረፋው በየሰርቨሩ ኤስኤስዲ ላይ ነው፤ ሁለት ፕሮክሲዎች ከዳታቤዙ እያነበቡ ተጠቃሚዎችን ያሳልፋሉ፤ ኤልኤምቲፒውም በእነሱ በኩል ይገባል።

የማከማቻውን አንድ መቆጣጠሪያ ስነቅል ሥራው ወደ 40 ሰከንድ ያህል ቆሞ በራሱ ቀጠለ፤ አንድም ሐሰተኛ ተጠቃሚ ስህተት አላየም። ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። የአንዱን ሰርቨር ወደ ማከማቻው የሚሄደውን መስመር ብቻ ነቀልኩ። ክትትሉ ሰርቨሩ ደህና ነው እያለ ቆየ፤ ፕሮክሲውም ሰዎችን ወደዚያው መላኩን ቀጠለ፤ የገቡት ሁሉ ዝም ብለው ቆሙ። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት። ክትትሉ የሚያየው 993 ቁጥር በር መከፈቱን ብቻ ነበር፤ በሩን የሚከፍተው የዶቭኮት መግቢያ ፕሮሰስ ደግሞ ማከማቻውን ስለማይነካ ማውንቱ ቢሞትም ሰላምታ መስጠቱን አያቆምም።

አሁን ክትትሉ በየ20 ሰከንዱ በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ በአምስቱም ክፍሎች ወደተፈጠሩ የሙከራ ሳጥኖች ገብቶ አንድ መልእክት ያነባል፤ በ10 ሰከንድ ካላነበበ ያንን ሰርቨር ከማከማቻው ያስቆርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ረድፎቹን ወደ ሌላው ይለውጣል። ትናንት ማታ በዚሁ አኳኋን መስመሩን ሦስት ጊዜ ነቀልኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተጠቃሚዎቹ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ በሌላኛው ሰርቨር ተገናኝተዋል፤ በዩአይዲሊስት ላይም የተለወጠ ቁጥር አላገኘሁም። የመጀመሪያዎቹን 200 ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት አዛውራለሁ።